ሶኬቱ ለምን ከፍ አለ?

የዝውውር ደብዳቤው እጄ ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቤ፣ ከጋቢው በላይ ካፖርት ጥዬ፣ እግሬን ከሰል ምድጃው ሥር ቀብሬ ነበር። «ጋምቤላ» ይላል። ባለቤቴ ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስለ ወባው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ርቀቱ ታነሳለች ብዬ መልስ ሳሰናዳ ቀና አለችና፣

«ውሃ አለ አይደል?» አለችኝ።

«የምን ውሃ?»

«ሐይቅ በለው፣ ወንዝ በለው፤ ብቻ የሚታይ ውሃ።»

ነገሩ የቆየ ነው። የተጋባን ሰሞን ባሕር ዳር ሦስት ቀን ጣና ዳር ተቀምጠን ቡና ጠጥተን ነበር። ያቺ ሦስት ቀን ሃያ ዓመት ሙሉ በየምክንያቱ ትጠቀሳለች። ኑሮ ሲጠብ «ጣና ዳር ብንሆን» ነው፤ ልጅ ሲያስቸግር «ውሃ እያየ ቢያድግ» ነው። ባሕር ዳር ላይ የቤት ዋጋ ጠይቀን ደንግጠን ተመለስን። ሐዋሳ ጠየቅን፤ ደላላው ሳቀብን። ቢሾፍቱማ ሐይቁ ሰባት ነው ተብለን አንዱስ አይጠፋም ብለን ብንሄድ፣ ሰባቱንም ሆቴል ቀድሞናል። እና ጋምቤላ በደብዳቤ ስትመጣ፣ እኔ የቅጣት ዝውውር ያልኩትን ሚስቴ የሎተሪ ዕጣ አደረገችው።

ከጉዞው ሁሉ የማልረሳው ልብስ ማውለቁን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት፤ ጋምቤላ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅም። ልዩነቱን መጽሐፍ ላይ ማንበብና በአውቶቡስ መውረድ አንድ አይደሉም። መቱ ላይ ካፖርቱን አወለቅኩ። ጎሬ ላይ አየሩ ገና የሰው አየር ነው፤ ጭጋግ አለ፣ ቡና አለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ቡሬን አልፎ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ ሹራቡን አወለቅኩ። ከዚያ በመስኮት የገባው ነፋስ የዳቦ መጋገሪያ በር የተከፈተ ያህል ፊቴን ሲገርፈኝ፣ የቀረውን ለማውለቅ ሴቶች ስላሉ ተውኩት። ጋምቤላ ስንገባ ጭኔ ላይ የልብስ ክምር ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ የነበረው ወጣት አየት አደረገኝና በትህትና፣ «ጋሼ፣ ደገኛ ነዎት?» አለኝ። እዚህ ከላይ የመጣ ሁሉ፣ ከጎንደርም ይምጣ ከወላይታ፣ ስሙ አንድ ነው። ደገኛ።

ቤት ፍለጋው በማግስቱ ተጀመረ። ወሩ ጥር ነው። ባሮ በጥር ጨዋ ነው፤ ከአሸዋው ሸሸት ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ማንንም ላለማስቀየም ይመስላል። ልጆች ይንቦጫረቃሉ፤ ሴቶች ልብስ አጥበው አሸዋው ላይ ያሰጣሉ፤ ባጃጅ ነጂው ባጃጁን እስከ ጎማው አስገብቶ እንደ በሬ ያጥባል። ማታ ማታ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ውሃው ይቀላል፤ ዓሣ አጥማጁ ቀጭን ታንኳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲያልፍ ጥላው ከራሱ ይረዝማል። ሚስቴ ይህን ባየች ጊዜ ነገሩ አለቀ። ሐይቅስ የሚለውን ጉዳይ አንስተን ነበር። ከአቦቦ በኩል የአልዌሮ ግድብ አለ፤ በደርግ ዘመን የተሠራ፣ ለዓይን ሐይቅ የሚያህል ውሃ ነው። ወደ ፑኝዶ በኩል ደግሞ ታታ የሚባል የእውነት ሐይቅ አለ። ታዲያ ቢሮዬ ያለው ጋምቤላ ከተማ ነው፤ ሐይቅ ለማየት ብዬ በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ ልመላለስ? ባሮ ይበቃል ተባለ።

ደላላው ሦስት ቤት አሳየን። ሁለቱ ከወንዙ ራቅ ብለው ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሚስቴ ሳትገባ «አይሆንም» አለች። ሦስተኛው ውሃ ዳር ነው፤ ሁለት ክፍል ከነሳሎኑ፣ በረንዳ ያለው፣ በሩ ላይ የማንጎ ዛፍ። ከበረንዳው እስከ ባሮ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። ኪራዩ ከሁለቱ ያንሳል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሃያ ሁለት ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ ሆኛለሁ። አንድ ደረሰኝ ላይ የቀለሙ መልክ ቢለይ አያመልጠኝም። የውሃ ዳር ቤት ከተራራ ቤት ረክሶ ሲገኝ ግን «ዕድል ነው» ብዬ አለፍኩ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ውሃ ዋጋ የሚጨምር ነገር፣ ጋምቤላ ላይ ለምን ይቀንሳል? ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ አልነበረም።

ጥያቄ ግን ጠይቄያለሁ፤ የጠየቅኩት ሌላ ነው። ሶኬቶቹን አየሁ። በየግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሁሉ ትከሻዬ ጋ ነው። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ቆሞ እንደ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሊወራ ነው። ደላላውን «ይሄ ሶኬት ለምን ከፍ አለ?» አልኩት።

«ለሕፃናት ደኅንነት ነው ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «አከራይዋ እናት ናቸው።»

ልቤ ተነካ። ግድግዳው ደግሞ ከታች እስከ ጉልበት አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነው፤ ከጉልበት በላይ ክሬም። «ዲዛይን ነው» አለ። አከራይዋ የተዉት ቁም ሳጥን አራት ብሎኬት ላይ ቆሟል። «አየር እንዲገባው።» ሚስቴ በጉጉት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ቀብድ ከፈልን።

በሳምንቱ ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አኙዋ መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ቡናው እስኪደርስ ባሮን እያዩ ዝም አሉ። በኋላ እየሳቁ፣ «ልጄ፣ ይህን ቤት ለስንት ወር ተከራየኸው?» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ እስከምዛወር ነው!»

«እህ» አሉ። ቡናቸውን ጠጡ። «ይሄ ቤት ጥሩ ነው። የበጋ ቤት ነው።»

እኔ የበጋ ቤት ያሉት ለሙቀቱ ነፋሻማ ነው ማለታቸው መስሎኝ «እውነትዎን ነው፣ ማታ ማታ ደስ የሚል ነፋስ አለው» አልኳቸው። ሽማግሌው በቡና ላይ ሰው የሚያሳፍሩ አይደሉም፤ ዝም አሉኝ።

ኑሮው ደግሞ በበጋው መሞቅ የጀመረው ወዲያው ነው። የካቲትና መጋቢት የጋምቤላ ሙቀት ቀልድ አያውቅም፤ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ቬንቲሌተሩ የሚያመጣው ነፋስ የተበሳጨ ሰው ትንፋሽ ነው። ማታ አልጋ ይወጣል፤ ግቢ ውስጥ አጎበር ተንጠልጥሎ ሰፈሩ በሙሉ ኮከብ ሥር ይተኛል፤ የዚህኛው ግቢ ማንኮራፋት ከዚያኛው ግቢ ሳል ጋር ይነጋገራል። ከደብረ ብርሃን ያመጣነው የሱፍ ብርድ ልብስ ወንበር ላይ ተጣጥፎ እንደ ጡረተኛ ተቀምጧል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቧንቧው ነው። ከበረንዳዬ ድንጋይ ብወረውር ባሮ ውስጥ ይወድቃል፤ ቧንቧዬ ግን ሳምንት ሙሉ ያፏጫል። በጋሪ የሚመጣ ውሃ በጀሪካን እየገዛሁ፣ የገዛሁትን እየጠጣሁ ወንዙን አያለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ባሮ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን የሚያጠጣ ወንዝ ስለሆነ ዘመድነቱ እንኳ ሐቅ ነው።

ታዲያ እንግዳ ሰው ወንዝ ዳር እንደሄደ ወዲያው የሚሰማው ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ከጓደኞቹ ጋር እዚሁ ጋምቤላ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ በልቶታል። ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛሬም ስለ አዞ የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ሚስቴ ይህን ከሰማች በኋላ ወንዙን ከበረንዳ ማየት ይሻላል አለች። ውሃ ዳር የመኖር ሕልማችን እንዲህ በአንድ ወሬ ወደ ውሃ ማየት ዝቅ አለ።

ጋምቤላ ውስጥ ውሃ ዳር ቤት በመፈለግ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። የመጀመሪያዎቹ እንግሊዞች ናቸው፤ ያውም ሕጋዊ ውል ይዘው። በ1894 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት የሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ የሚያቋቁምበት መሬት በኪራይ ተሰጠው። ልኩ እንኳ ተጽፏል፤ የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማያልፍ። ለሚስቴ ይህን ስነግራት ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለች፤ ሁለት ሺህ ሜትር የወንዝ ዳር! ዘመኑም ተወስኗል፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። ቡና በበቅሎ ከጎሬ ይወርዳል፣ ጨውና ጨርቅ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ውሃው ሲሞላ በክረምት ብቻ ነው፣ በበጋ መርከብ የለም። ውሉ እስከ 1948 ዓ.ም. ዘለቀ፤ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ተከራዩም ለቀቀ። የቀብድ ጭቅጭቅ ተነስቶ እንደሆነ አላውቅም።

በዚህ ውል ውስጥ ግን ለእኔ ዓይነቱ ተከራይ የተጻፈች አንዲት ነገር አለች፤ ያነበብኳት ዘግይቼ ነው። ውሉ መሬቱ የሚመረጠው «ኢታንግ አካባቢ» ነው ይላል። ኢታንግ ከዚህ ወደ ምዕራብ ወንዙን ተከትሎ ያለች ከተማ ናት። እንግሊዞቹ መጨረሻ ላይ የተከሉት ግን ኢታንግ አይደለም፤ ወደ ላይ ወጣ ብለው ጋምቤላ ነው። ኢታንግን በነሐሴ ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ከእነሱ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ መጣ። በጽጌረዳ አበባ ስሙ ዓለም ላይ የታወቀ ነበር። 100,000 ሄክታር መሬት በሊዝ ተረከበ፤ ኢታንግንና ጂካዎን ይዞ፣ ባሮን ጎኑ አድርጎ። ትራክተር መጣ፣ ኤክስካቫተር መጣ፣ ውሃ የሚመልስ ረጅም የአፈር ግድብ ተገነባ፣ በቆሎው ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሮ ሞላና በቆሎውን ወሰደው። ከዓመታት በኋላ ኩባንያውም ሄደ፤ ለመሄዱ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፣ እሱን ለሌላ ቀን። እኔ የምለው፣ እነዚያ አማካሪ፣ መሐንዲስና የሳተላይት ካርታ ነበራቸው። እኔ የነበረኝ ደላላ ብቻ ነው።

ክረምቱ ገባ። ጋምቤላ ላይ ዝናብ ሲዘንብ እኔ ጎርፍ የሚመጣው ከሰማይ ነው ብዬ ሰማይ ሰማይ አይ ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ጎርፍን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ ደመናው ሲጠቁር ከቤት አትወጣም፣ ሲያባራ ያበቃል። ባሮ ግን ከጋምቤላ ሰማይ ጋር ምንም ውል የለውም። ብርብርና ገባ የሚባሉት ወንዞች ከላይ ተገናኝተው ነው ባሮን የሚያወጡት፤ ስለዚህ እዚህ የሚሞላው ውሃ ወለጋና ኢሉባቦር ላይ የዘነበው ነው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ጎሬ ያለ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ እንደወረደ ነው፣ ከቤት አልወጣንም፣ እናንተ ጋስ?» አለኝ።

በረንዳ ላይ በካናቴራ ተቀምጬ ሰማዩን አየሁ። አንድ ቁራጭ ደመና የለም። «እኛማ ጥርት ያለ ፀሐይ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ያን ሰሞን ሽማግሌው ጎረቤቴ በልጅ ልጃቸው በኩል «ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ አድርጉ» ብለው ልከውብኝ ነበር። ቁም ሳጥኑ ብሎኬት ላይ የቆመው አየር እንዲገባው ነው፣ ደላላው ነግሮኛል፤ ሰላምታ ላክሁላቸው።

ጎሬ በደወለ በሁለተኛው ቀን ሌሊት ቀዝቀዝ ብሎኝ ነቃሁ። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ ተሰማኝና ደስ አለኝ። ነጠላ ጫማዬን ልፈልግ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ረገጥኩ። ነጠላ ጫማዎቹን ፈለግኋቸው፤ የግራው ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ደረስኩበት፣ የቀኙ በሩን አልፎ ቀድሞ ሄዷል። መብራት አበራሁ፤ ይበራል። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ሶኬቱ ላይ ያረፈው። ትከሻዬ ጋ፣ ደረቅ፣ ቻርጅ የሚያደርገውን ስልኬን አንጠልጥሎ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ወረደ። ውሃው አረንጓዴው ቀለም የሚያልቅበት ቦታ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

ሚስቴ አልጋው ላይ ቆማ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «አዞው ከበር ይገባል?» የሚል ነው።

ሲነጋ ሰፈሩ ውስጥ የደነገጥነው እኛ ብቻ ነን። የሽማግሌው ቤት ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከእኛ የሚለየው ርቀት ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ከፍታው ደግሞ ከወገብ አይበልጥም። ያችን ከፍታ ግን ማንም ደላላ አላሳየኝም፣ እኔም ጥር ላይ ዓይቻት ጉብታ ናት ብያለሁ። የልጅ ልጃቸው ግቢያችን ውስጥ መንጠቆ ጣለ። ከሰዓት በፊት አንድ ደህና አምባዛ አወጣ፤ ማንጎው ሥር፣ ባለፈው ሳምንት ወንበሬ ተቀምጦበት በነበረው ቦታ። ሚስቴ ዓሣውን አይታ፣ «ኪራዩን እሱም ይካፈል» አለች። የዚያን ቀን የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው።

ከታች፣ ወደ ኢታንግ፣ ላሬና ጂካዎ፣ ነገሩ ለሳቅ እንደማይሆን አውቃለሁ። እዚያ ውሃ የደረሰ ማሳን፣ ከብትን ይዞ ይሄዳል፤ ሰው ልጁን ታቅፎ ደረቅ መሬት ይፈልጋል። እኔ የጠፋኝ አንድ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማ ነው፣ ደመወዜም በወሩ መጨረሻ ገብቷል።

ሽማግሌው አስጠለሉን። አራት ቀን ቤታቸው ቆየን። ማታ በጭሱ ዳር ተቀምጠን፣ ለምን ቀድመው በግልጽ እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው፤ ትንሽ ቅሬታም ነበረብኝ።

«ነገርኩህ እኮ። የበጋ ቤት ነው አልኩህ።»

«የበጋ ቤት ሲሉኝ እኔ እኮ...»

«ኑዌሩን አታይም?» አሉኝ። «በበጋ ከብቱን ይዞ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ውሃው ሲነሳ ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣል። እኛም ውሃው ሲሸሽ የተወውን እርጥብ መሬት በቆሎ እንዘራበታለን። ውሃው ይመጣል፣ ይሄዳል። እናንተ ደገኞች አንድ ቤት ትሠሩና ውሃው እዚያው ቁጭ እንዲል ትፈልጋላችሁ።»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ግድም ያሉት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች እንኳ በብዙ መቶ ሺህ ሆነው ውሃና ሣር ተከትለው በየዓመቱ ይጓዛሉ፤ ደላላም ቀብድም ሳይኖራቸው።

አከራይዋ ውሃው ሲጎድል መጡ። ደግ ሴት ናቸው፤ ለሕፃናት ደኅንነት የሚለውን ነገር ሳነሳባቸው ግን ስለምን እንደማወራ አልገባቸውም። ሊያጽናኑኝ፣ «ምንም አይደል ልጄ፣ እንግዳ ነው፣ ሳምንት ቆይቶ ይሄዳል» አሉኝ። ለእንግዳው ሳምንት ኪራይ ይቀነስልን እንደሆን ስጠይቅ፣ እንግዳ የተቀበለ ሰው እንደሚመሰገን ብቻ ነገሩኝ።

መስከረም ላይ ከፍታ ወዳለው ሰፈር ተዛወርን፤ መጀመሪያ ሚስቴ ሳትገባ «አይሆንም» ካለቻቸው ቤቶች አንዱ ገና ባዶ ነበር። ኪራዩ ይበልጣል። ሶኬቱ ታች ነው፤ ስልክ ስሰካ አጎነብሳለሁ፣ ወገቤን ያመኛል፣ ደስ ይለኛል። ማታ ማታ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ባጃጅ ላይ ጭነን ወንዝ ዳር እንወርዳለን፤ ሚስቴ ውሃዋን ታያለች፣ ሲጨልም ወንበራችንን ይዘን እንመለሳለን። ባጃጅ ነጂው ለወንበሮቹም ሒሳብ ይጠይቃል።

ኅዳር ላይ በዚያው በድሮው ቤታችን በኩል ስናልፍ ቆም አልን። ውሃው ሸሽቷል፣ አሸዋው ተመልሷል፣ ማንጎው አረንጓዴ ነው። በረንዳው ላይ አንድ ቀለም ቀቢ ባልዲውን አስቀምጦ ይቀባል። ከላይ ክሬሙ እንደነበረ ነው። ከታች ያለው አረንጓዴ ግን ከጉልበት ተነስቶ ወገብ ደርሷል፣ ሰውዬውም አላቆመም። በሩ አጠገብ ደላላው ከአንድ ሻንጣ ከያዘ ሰው ጋር ቆሟል፤ ሰውዬው ክንዱ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ካፖርት ደርቧል። ሚስቴ ባጃጁን አስቆመችና ጮክ ብላ፣

«ጋሼ! ሶኬቱን ይዩት!» አለችው።

ሰውዬው ዞር ብሎ በትህትና እጁን አወዛወዘላት።